ከመፈረም በፊት፦ በጦርነት ቀጠና ስላለው የግል ጥበቃ ሥራ

ከሠራዊቱ ተሰናብተው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የተመለሱ ወጣቶች ውጭ አገር በጥበቃ ሥራ ላይ እንደነበርኩ ሲሰሙ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ብዙም አይለያይም፤ ደመወዙ በዶላር ስንት ነው፣ የሚያዘው መሣሪያ ምን ዓይነት ነው፣ መንገዱስ በየት በኩል ነው ይሉኛል። ከመካከላቸው «አሠሪዬ ማን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሥራ ሰውን የሚያድነውም ሆነ የሚያጠፋው ከያዘው ጠመንጃ ይልቅ የፈረመው ውል መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁና። ይህንንም የምጽፈው ለእነዚያ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ነው።

እኔ የሠራሁት በደቡብ ኢራቅ፣ ባስራ አካባቢ፣ የነዳጅ ሠራተኞች በሚያድሩበት ካምፕ ነው። ወደዚያ የገባሁት አስቀድሜ በባሕረ ሰላጤው አገር የሕንጻ ጥበቃ ከሠራሁ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ በር ጠባቂዎች እንጂ አምባሳደር ስለሚያጅቡት ወይም ስለ አሠልጣኞች አይደለም፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የበሩን ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ኮንትራክተር፣ ማለትም በውል የተቀጠረ የግል ጠባቂ፣ ወታደር አለመሆኑ ነው። ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ በሬዲዮ እየተነጋገረ የሚውል ሰው ወታደር ቢመስልም፣ በዓለም አቀፉ የጦርነት ሕግ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው እንደ ሲቪል ነው። ሲቪል በመሆኑም ጥቃት እንዳይፈጸምበት ሕጉ ይከልለዋል፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደ ውጊያ ከገባ ያንን ከለላ ያጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቅጥረኛ፣ ማለትም ለገንዘብ ብሎ በሰው አገር ጦርነት የሚዋጋ፣ ተብሎ መፈረጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 47 ቅጥረኛ የሚባለውን ሰው በስድስት መመዘኛዎች ይገልጸዋል፤ ስድስቱ በአንድነት የተሟሉበት ሰው ቢማረክ እንደ ጦር ምርኮኛ የመያዝ መብት የለውም። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮችም ሊብረቪል ላይ ቅጥረኝነትን የሚያወግዝና የሚከለክል ስምምነት አጽድቀዋል፤ ኮንጎና አንጎላ በተከራዩ ተዋጊዎች የደረሰባቸው ነገር ገና ትኩስ ነበርና። በር የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ፍረጃ የሚድነው በተለይ ለመዋጋት ስላልተቀጠረና በውጊያም ስላልተሳተፈ ነው። ጠባቂ ተብሎ ተቀጥሮ ምሽግ እንዲይዝ የሚታዘዝ ሰው ግን መከለያውን የሚያጣው በዚያችው ሌሊት ነው፤ ይህን ደግሞ አለቃው አይነግረውም።

ሥራው ራሱ ሰው ከሚገምተው በላይ አሰልቺ ነው። ፈረቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ አብዛኛው የሚያልፈው በር ላይ ነው። መኪና ሲመጣ ራቅ ብሎ ባለው ማገጃ ላይ ይቆማል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ ኮፈኑና የዕቃ መጫኛው ይከፈታሉ፤ ረጅም እጀታ ያለው መስታወት ከመኪናው ሆድ ሥር ይገባል፤ መታወቂያው ከስም ዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል፤ ሰዓቱና የሰሌዳ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቀጥሎ ሌላ መኪና ይመጣል። ጎበዝ ጠባቂ የሚባለው ተኳሹ ሳይሆን፣ ሲመሽ የሚደርሰውን የመጨረሻ መኪና ጠዋት የመጣውን በፈተሸበት ትዕግሥት የሚፈትሸው ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ዘንድ ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን በሚጋርድበት ወቅት፣ ባስራ ላይ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ሰደርያው አለ፣ የራስ ቁሩ አለ። ከደሴ ወርዶ «ኮምቦልቻ አቃጠለኝ» ለሚል ወንድሜ ይህን በትሕትና አስታውሰዋለሁ።

ከሠራዊት የመጣ ሰው በዚህ ሥራ ላይ የሚቸገርበት ሌላ ነገር አለ። ወታደር የሠለጠነው ጠላቱን አግኝቶ እንዲመታ፣ ከሸሸም እንዲያሳድደው ነው። ጠባቂ ግን የሸሸን ሰው አያሳድድም፤ ተኩስ ቢከፈትበት ተግባሩ የሚጠብቀውን ሰው ይዞ ከአደጋው መውጣት ነው። የኃይል አጠቃቀም ደንቡ በኪስ በሚያዝ ካርድ ታትሞ ይሰጣል፤ አስቀድሞ በድምፅና በእጅ ምልክት ማስቆም፣ ቀጥሎ መሣሪያ መያዝን ማሳየት፣ መተኮስ ደግሞ በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ተደቅኖ ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ ይላል። የተተኮሰች እያንዳንዷ ጥይት በጽሑፍ ትጠየቃለች። በጦር ሜዳ ጀግንነታቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች ይህን መልመድ አቅቷቸው ሲሰናበቱ አይቻለሁ፤ በአንጻሩ ውትድርናን በቅጡ ያላዩ፣ ግን በእንግሊዝኛ ጥርት ያለ ሪፖርት የሚጽፉ ልጆች የፈረቃ ኃላፊ ሲሆኑም አይቻለሁ። ከአገራችን የሚሄዱትን ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው የተኩስ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ሪፖርቱና ሬዲዮው ናቸው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን ልበል። በካምፑ ውስጥ ሰው የሚደለደለው በፓስፖርቱ ነው። ከላይ እንግሊዞች፣ አሜሪካውያንና ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን አሉ፤ ከእነሱ ሥር «የሦስተኛ አገር ዜጎች» የምንባለው የኔፓል፣ የኡጋንዳ፣ የኬንያና የሌሎች ድሃ አገሮች ሰዎች እንገኛለን፤ ከዚያ የአገሬው ተወላጆች ይከተላሉ። መኝታውም፣ የመመገቢያው አዳራሽም፣ ዕረፍቱም በዚሁ ደረጃ ነው፤ የላይኞቹ ጥቂት ሳምንታት ሠርተው ጥቂት ሳምንታት አገራቸው ሲያርፉ፣ እኛ ዓመቱን ጨርሰን ነበር የምንወጣው። ኢራቅ ከተወረረች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የላይኞቹ በቀን ከ500 ዶላር በላይ ያገኙ ነበር። ኡጋንዳውያን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በብዛት መግባት ሲጀምሩ የወር ደመወዛቸው 1,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ጨረታ ለማሸነፍ ዋጋ ሲያወርዱ፣ መልማዮችም ሲበዙ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 600 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። የዋጋ ቅናሹ የሚወራረደው ሁልጊዜ ከታችኛው እርከን ደመወዝ ላይ ነው። እዚህ ፒያሳ ላይ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው የዶላር ቁጥር ብዙ ጊዜ የዚያ የጥንቱ ዘመን ወሬ፣ ያውም የላይኞቹ ደመወዝ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ባግዳድ ውስጥ ኒሱር አደባባይ ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎችን ያጅቡ የነበሩ የብላክዋተር ኩባንያ ጠባቂዎች ተኩስ ከፍተው 17 ኢራቃውያን ሲቪሎችን ገደሉ። በጊዜው ወራሪው ኃይል ያቋቋመው አስተዳደር ያወጣው ትእዛዝ ቁጥር 17 የውጭ ኮንትራክተሮች በኢራቅ ፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ ይከላከል ስለነበር፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ገዳዮቹን በአገራቸው ችሎት ማቆም አልቻሉም። አራት ጠባቂዎች አሜሪካ ውስጥ ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በዲሴምበር 2020 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተፈቱ። ይህን የማነሳው ፖለቲካ ለማውራት ሳይሆን፣ ከእኛ ወገን የሆነ ጠባቂ ተመሳሳይ ነገር ቢፈጽም ይቅርታ የሚጽፍለት ፕሬዚዳንት እንደሌለው ለማሳሰብ ነው። ያ ያለመከሰስ ከለላም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ እንግሊዛዊ ጠባቂ ሁለት ባልደረቦቹን በመግደሉ የኢራቅ ፍርድ ቤት 20 ዓመት ፈርዶበታል። «ኮንትራክተር አይከሰስም» የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ከኒሱር አደባባዩ ግድያ በኋላ ዓለም ዝም አላለም። በስዊዘርላንድ መንግሥትና በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አነሣሽነት በሴፕቴምበር 2008 የሞንትሮ ሰነድ የሚባለው ወጣ፤ በ17 አገሮች ድጋፍ ተጀምሮ ዛሬ ከ50 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። አስገዳጅ ውል ባይሆንም፣ ቀጣሪው አገር፣ ሥራው የሚከናወንበት አገርና ኩባንያው የተመዘገበበት አገር እያንዳንዳቸው ያለባቸውን ግዴታ ለይቶ ያስቀምጣል። በኖቬምበር 2010 ደግሞ 58 ኩባንያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ፤ ደንቡን የሚከታተለው ማኅበርም በ2013 ጄኔቫ ላይ ተቋቋመ። ለእኛ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ የማኅበሩ አባላት ዝርዝር በይፋ የሚታይ መሆኑ ነው። መልማይ የኩባንያ ስም ከጠራ ስሙን እዚያ መፈለግ የአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ አይፈጅም። አባል መሆን ብቻውን ጥሩ ኩባንያ አያሰኝም፤ ቢያንስ ግን አቤቱታ የሚቀበል አካል አለ ማለት ነው።

አሁን በጣም ወደምቆረቆርበት ጉዳይ ልግባ። አንድ የገራዶ ወጣት ውል አምጥቶ ሲያሳየኝ አባቱ አብረው መጥተው ነበር። ልጁ ስለ ደመወዙ ሲያወራ ሐጂ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ አንድ ነገር ቢሆን የሚደውልልኝ ማን ነው?» አሉኝ። ውሉን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ መልስ የሚሆን አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ስም አልተጻፈም፣ ወራሽ የሚሞላበት ቦታ የለም፣ አስከሬን የመመለስ ግዴታ የማን እንደሆነ አይናገርም።

ጥያቄያቸው የሐሳብ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2016 ካቡል ውስጥ የካናዳን ኤምባሲ ይጠብቁ የነበሩ የኔፓል ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ በአጥፍቶ ጠፊ ተመትቶ ከአሥር በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ኤምባሲው በወፍራም ግንብ የታጠረ ነው፤ ጠባቂዎቹ የሚመላለሱበት መኪና ግን ብረት ለበስ አልነበረም። ከዲፕሎማት ጋር ብረት ለበስ መኪና ይመደባል፤ ከጠባቂው ጋር አይመደብም። ስለዚህ ውል ላይ «ከመኖሪያ ወደ ሥራ የምጓጓዘው በምን ዓይነት መኪና ነው?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ የሠራተኞች ካሳ ሕግ አለ፤ ኩባንያው ዜግነት ሳይለይ ለሠራተኛው ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ቢጎዳ ሕክምናውንና የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ካሳ፣ ቢሞት ለሚስትና ለልጆች ክፍያ ያስገኛል። ነገር ግን ጉዳቱ በ30 ቀናት ውስጥ ለአሠሪው መገለጽ፣ የካሳ ጥያቄውም በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ደሴ ላይ ተቀምጣ የባሏን ድምፅ የምትጠብቅ ሴት ይህን ሕግ ከየት ትሰማለች? ሕጉ መኖሩን ባለማወቅ መብታቸው ያለፈባቸው የሌሎች አገሮች ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አሠሪው የነዳጅ ኩባንያ ወይም የባሕረ ሰላጤ ድርጅት ሲሆን ደግሞ ይህ ሕግ አይሠራም፤ ያኔ ያለው ዋስትና ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። የኢንሹራንሱን ስምና የውል ቁጥር፣ የአሠሪውን አድራሻና የውሉን ቅጂ ለሚስት ወይም ለወላጅ ትቶ መሄድ ሻንጣ ከማዘጋጀት ይቀድማል።

ስለ መልማዮች አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን ወጣቶች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የጥበቃ ሥራ ተብሎ ተመለመሉ። እዚያ ሲደርሱ ወደ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ገቡ፤ ከዚያም ከፊሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነገራቸው ሊቢያ ውስጥ ራስ ላኑፍ የነዳጅ ወደብ አካባቢ ተገኙ። ነገሩ የታወቀው ልጆቹ ለቤተሰብ ደውለው፣ ቤተሰቦቻቸው በጃንዋሪ 2020 ካርቱም ላይ ሰልፍ ስለወጡ ነው። ሲመለመሉ የተነገራቸው የሥራ ቦታና የተገኙበት ቦታ አንድ አልነበረም። የሥራ ቦታው በከተማ ስም ያልተጻፈበት፣ ወይም «ኩባንያው በሚመድበው ቦታ ሁሉ» የሚል ሐረግ ያለበት ውል ከመጣላችሁ ይህን ታሪክ አስታውሱ።

እኛም ጋ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ የውትድርና ማስረጃቸውን የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ታይተዋል፤ ገንዘብ ይከፈላል የሚል ወሬ ሰምተው ነበር። ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል መግለጫ አወጣ። ያንን ሰልፍ የፈጠረው ሥራ ማጣት እንጂ ሞኝነት አልነበረም፤ በስድብ የሚያልፉትም ሰዎች ልክ አይደሉም። ነገር ግን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ በኤጀንሲ የሚላከው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ፈረመችበት አገር እንደሆነ ይደነግጋል። በጉብኝት ቪዛ ወጥቶ በሦስተኛ አገር በኩል ወደ ጦርነት ቀጠና የሚገባ ሰው፣ ችግር ሲደርስበት ኤምባሲው ስሙን በየትኛውም መዝገብ ላይ አያገኘውም። እኔ የሄድኩበትም መንገድ እንዲህ ያለ በመሆኑ ለማንም አልመክረውም።

ስለ መርከብ ጥበቃም የሚጠይቁኝ ስላሉ ባጭሩ ልናገር። የሶማሊያ የባሕር ላይ ዘራፊዎች በበዙበት ጊዜ አራት ያህል የታጠቁ ሰዎችን መርከብ ላይ ማሳፈር ትልቅ ንግድ ሆኖ ነበር፤ የዘራፊዎቹ ጥቃት ሲቀንስ ንግዱም ቀዘቀዘ፣ የመርከብ ድርጅቶችም የሕንድ ውቅያኖሱን የከፍተኛ አደጋ ቀጠና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰረዙት። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ በቀይ ባሕር ላይ የመጣው ግን ሚሳኤልና ድሮን ነው፤ መሰላል ይዞ የሚመጣን ዘራፊ የሚመልስ ጠመንጃ ለዚያ ምንም አይፈይድም። የባሕርተኛ መጽሐፍና የደኅንነት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ለሌለው ሰውም በሩ ዝግ ነው።

የግል ጥበቃ ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ለማየት ኢራቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ፋብሪካዎቹም፣ መጋዘኖቹም ጠባቂዎች ነበሯቸው። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ ተመልሰው መያዛቸው እስኪነገር ድረስ የደረሰውን ዘረፋ የማያውቅ የለም፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በመጋዘኖቹ ዘረፋ ምክንያት በሁለቱ ከተሞች የእርዳታ ማከፋፈሉን እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር። በር ላይ የነበሩትን ዘበኞች «ለምን አልተከላከሉም?» ብሎ የሚወቅስ ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። ጥበቃ የተቋቋመው ሌባንና ሰርጎ ገብን ለማስቆም ነው፤ ሠራዊት የለቀቀውን ከተማ ጠባቂ እንዲይዝ የሚጠብቅ አሠሪ እዚህም ሆነ ባስራ ውስጥ የማይገባውን ነው የሚጠይቀው።

እዚህ አገር ያለውንም ሥራ ቢሆን አላሳምረውም። አብዛኛው የፋብሪካ ጠባቂ የሚቀጠረው በኤጀንሲ በኩል ነው፤ ፋብሪካው ለኤጀንሲው የሚከፍለውና ጠባቂው እጅ የሚገባው እጅግ የተራራቁ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኖ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን በቀን 1.5፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት 1.75፣ በሳምንታዊ ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ያደርገዋል። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ለጡረታ ማዋጣት አለባቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት እያደረ ትርፍ ሰዓት ተሰልቶለት የማያውቅ፣ የጡረታ ቁጥሩን የማያውቅ ጠባቂ ግን በርበሬ ወንዝ አካባቢ በየበሩ አለ። በእኔ ፈረቃ ያሉትን ልጆች የደመወዝ ወረቀታቸውን በየወሩ እንዲይዙ የምወተውታቸው ለዚህ ነው፤ ይህን እዚህ ያልለመደ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ አይለምደውም።

ውል ቀርቦላችሁ እንግሊዝኛው የከበዳችሁ ካላችሁ እሑድ እሑድ ደሴ ነኝና አብረን እናነበዋለን። ስትመጡ ግን በስልክ የተነሣ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ኢንሹራንሱ፣ የመመለሻ ትኬቱና በየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደምትዳኙ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። መልማዩ እነዚያን ገጾች «ስትደርሱ ትፈርማላችሁ» ካላችሁ ፓስፖርታችሁን ተቀብላችሁት ኑ።